ወደ አሥራ ስድስት የሚመለሱ ቁጥሮች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የትምህርት ቤታችን መምህራን ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። ርዕሰ መምህሩ ድሮ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ተነሥቶ ንግግር አደረገ። «ቲቸር አበባ ቁጥርን እንድንወድ አድርገውናል» አለ፤ ተጨበጨበ። እኔ ጋቢዬን ደርቤ መሬት መሬት አያለሁ። ቁጥርን ከማንም አብልጬ ያስወደድኳት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ብርነሽ ትባላለች። ዛሬ በሕይወት ትኑር አትኑር የሚያውቅ ሰው የለም።

ብዙ ጡረተኛ ብዕር ሲያነሣ የደከመበትን ይጽፋል። እኔም ደክሜያለሁ፤ ሰላሳ ምናምን ዓመት ጠመኔ በልቻለሁ። የሚያስጽፈኝ ግን ድካሜ አይደለም። አንድ ሰው አንድ ነገር ብቻ አታድርጊ ብሎኝ ነበር፤ እሱን አደረግሁት።

የሰቆጣ ልጅ ነኝ። ከማሠልጠኛ ወጥቼ መጀመሪያ የተመደብኩት አበርገሌ ነበር። መኪናው ግማሽ መንገድ ላይ አራገፈንና የቀረውን በእግር ወረድነው። ሙቀቱ ለደጋ ሰው አይቻልም። ክፍላችን በማሽላ አገዳ የታጠረ ዳስ ነው፤ ሰሌዳው ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ተፈጭቶ የተቀባ ሳንቃ ነው። ደመወዝ የሚደርሰን ሲደርሰን ነበር፤ እሱን ልተወው። መምህር ኪሮስን ያገኘሁት እዚያ ነው።

መምህር ኪሮስ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የኮቱ የግራ እጅጌ ሁልጊዜ ነጭ የሆነ ሰው ነበር። ሰሌዳ የሚያጠፋው በእጅጌው ነው። ከማስተማሩ በፊት የቤተ ክህነት ተማሪ ነበረ፤ ባሕረ ሐሳብ ጠንቅቆ ያውቃል፣ የሚመጣውን ዓመት በዓላትና አጽዋማት በጣቱ እየቆጠረ ይነግርሃል። ክፍል ሲገባ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ በሰሌዳው ቀኝ ማዕዘን አንድ ቁጥር ይጽፋል። ስለ ቁጥሩ ምንም አይናገርም። የዕለቱን ትምህርት አስተምሮ፣ አምስት ደቂቃ ሲቀር ዞር ብሎ ወደ ማዕዘኑ ያያል፤ «ምን አያችሁ?» ይላል።

የመጀመሪያ ቀን ከኋላ ተቀምጬ ስመለከት የጻፈው 153 ነበር። አንዲት የቄስ ልጅ ብድግ አለች። «ጌታ ከተነሣ በኋላ ሐዋርያት ያጠመዱት ዓሣ ነው!»

«ጎሽ። አሁን ዓሣውን ተዪና ቁጥሩን እዪው» አላት። አንድን፣ አምስትን፣ ሦስትን ለየብቻ ጻፈ። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዛ፤ አንድ፣ መቶ ሃያ አምስት፣ ሃያ ሰባት። ደመረው። መቶ ሃምሳ ሦስት። እኔ ከማሠልጠኛ የወጣሁት አስተማሪ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ የማዕዘኑን ቁጥር ለማየት ስል የራሴን ክፍለ ጊዜ አሳጥሬ እየወጣሁ በአገዳው ቀዳዳ አሾልቅ ነበር። ከራሱ ሌላ ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጠውን 28ን፣ አንዱ የሌላው አካፋዮች ድምር የሆኑትን 220ንና 284ን ያየሁት በዚያ ቀዳዳ ነው። ከሁሉ የያዘኝ ግን አንድ ጨዋታ ነበር። የፈለግኸውን ቁጥር ውሰድ፤ እያንዳንዱን አሃዝ በራሱ አባዛና ደምር፤ ባገኘኸው ላይ እንደዚያው አድርግ፤ ቀጥል። ሰባትን ብትወስድ 49፣ 97፣ 130፣ 10፣ ከዚያ 1 ላይ ያርፋል። አራትን ብትወስድ ግን 16፣ 37፣ 58፣ 89፣ 145፣ 42፣ 20 ይልና ተመልሶ 4 ይሆናል፤ እንደገና ይዞራል፤ ማለቂያ የለውም። ከዚህ ከሁለቱ ሌላ ዕጣ ያለው ቁጥር የለም። መምህር ኪሮስ አንደኞቹን ደራሽ፣ ሁለተኞቹን ዟሪ ይላቸዋል። ኋላ መጽሐፍ ላይ ሌላ ስም እንዳላቸው አይቻለሁ፤ እኔ በእሱ አጠራር ጸንቻለሁ።

«የጨረቃ ዐውድ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ይደርሳል» አለኝ አንድ ቀን። «የፀሐይ ሃያ ስምንት ነው፤ እሱም ይደርሳል። ሁለቱን አባዢያቸው።»

አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት መጣ። ትልቁ የባሕረ ሐሳብ ዐውድ እሱ ነው። ሠራሁት፤ ዟሪ ሆነ።

«አየሽ» አለና ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው።

ሌላ ልማድ ነበረው። ስም ሲጠራ ተራ ቁጥር አይጠራም። እኛ «አሥራ አራት! አሥራ አምስት!» እያልን በሁለት ደቂቃ ስንጨርስ፣ እሱ ሰባውንም ልጅ ከነአባቱ ስም አንድ በአንድ ይጠራል። ጊዜ ማባከን መሰለኝና ጠየቅሁት።

«ዲያቆን ሳለሁ ሰዎች ልጅ ሊድሩ ሲሉ ወደ እኔ ይመጡ ነበር» አለኝ። «የልጅቱን ስምና የእናቷን ስም ይሰጡኛል። ፊደሉን ወደ ቁጥር ለውጬ እደምራለሁ፤ በአሥራ ሁለት እገድፋለሁ፤ የተረፈው ኮከቧ ነው። የአጎቴን ልጅ አመጡልኝ። ኮከቧ ሊያገባት ከነበረው ልጅ ኮከብ አልገጠመም፤ አልገጠመም አልኩ። ሠርጉ ቀረ። ወሬው ሀገር አዳረሰና ከዚያ ወዲያ የጠየቃት ወንድ የለም። ብቻዋን አረጀች።»

«ታዲያ ያ ጥንቆላ ነው እኮ» አልኩት።

«ስሌቱ አልተሳሳተም። ደጋግሜ አይቼዋለሁ» አለ። «ሰው ላይ ቁጥር ለጠፍኩ። ከለጠፉት በኋላ የሚልጠው የለም። አንቺም አደራ፣ በሰሌዳው ላይ እንደ ልብሽ ተጫወቺበት፤ ለልጅ ግን ቁጥር አትስጪ።»

እሺ አልኩት፤ በሆዴ ግን ንቄዋለሁ። የእሱ ኮከብ ቆጠራ ነው፣ የእኔ ሒሳብ ነው ብዬ። ወጣት ነበርኩ፤ ማረጋገጫ ያለው ነገር ሰውን የሚጎዳ አይመስለኝም ነበር።

ከአበርገሌ እዚያው አካባቢያችን ወዳለው ዝቋላ ወረዳ ተዛወርኩ። የማዕዘኑን ቁጥር ይዤ ሄድኩ። አንድ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ክፍሌ ሲገባ ሰሌዳው ላይ 6174 ተጽፏል። «ይሄ ከየትኛው ምዕራፍ ነው?» አለኝ። ከየትም ምዕራፍ አይደለም አልኩት። ማንኛውንም አራት አሃዝ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ካልሆነ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድረህ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ የተደረደረውን ብትቀንስበት፣ እየደጋገምክ ብትቀንስ እዚህ ቁጥር ላይ ትወድቃለህ ብዬ ላስረዳው ጀመርኩ። ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። ማስጠንቀቂያው እስከ ቅርብ ጊዜ በፋይሌ ውስጥ ነበር፤ እኮራበትም ነበር። መምህር ኪሮስ ያረፈው እኔ ዝቋላ ሳለሁ ነው፤ ለቀብሩ አልደረስኩም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሰቆጣ ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ። ብርነሽ ዘጠነኛ ክፍል የመጣችው ከጋዝጊብላ ገጠር ነበር። እንደ ሌሎቹ የገጠር ልጆች ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ ቅዳሜ ቤተሰቧ ጋ ሄዳ እሑድ የሳምንት ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ቤታቸው የሚነገረው ኽምጣኛ ስለሆነ አማርኛዋ ኮልተፍ ይል ነበር፤ ክፍል ውስጥ አፏን አትከፍትም። ደብተሯን ሳይ ግን ስሌቷ ንጹሕ ነው። አንድ ስርዝ አይገኝበትም።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ስልሳ ሁለት ተማሪ፣ ግማሹ ያንቀላፋል። የደራሽና የዟሪን ጨዋታ ሰሌዳ ላይ ሠራሁ፤ የሚያይ የለም። ተናደድኩ። «በሉ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ተራ ቁጥር ሞክሩ!» አልኩ።

ክፍሉ ነቃ። እርሳስ ተለቀመ፣ ወረቀት ተቀደደ። እንዲህ ያለ ክፍለ ጊዜ በዕድሜዬ አላስተማርኩም። የደረሰለት ይነሣ አልኩ፤ አሥራ አንድ ልጆች ተነሡ። አስጨበጨብኩላቸው። አዎ፣ አስጨበጨብኩላቸው። የመምህር ኪሮስ አደራ ትዝ ብሎኛል፤ ትዝ ቢለኝም ስቄ አለፍኩት።

ብርነሽ ተራ ቁጥሯ አሥራ ስድስት ነበር። እጇን ስታወጣ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። «ቲቸር፣ የኔ ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ መጣ። ራሴን አገኘሁት» አለችና ሳቀች። ያን ቀን ስቃለች።

ጨዋታው ከክፍል ወጣ። ልጆቹ ኳስ ሲከፋፈሉ ደራሽና ዟሪ ተባባሉ። ከዚያ ደራሾቹ የፊት ወንበር ያዙ። አንዲት ልጅ ተራ ቁጥሯን ለማስቀየር ዩኒት መሪው ጋ ሄዳ አለቀሰች፤ እሱ ሲነግረኝ ሳቅን። እዚህ ሀገር ሰው በስሙ ኮከብ ተቆጥሮለት ያደገ ነው፤ የሚበትኑት፣ የሚደምሩት፣ በመጨረሻ አንድ ዕጣ ላይ የሚጥሉት ስሌት ሲያይ ምን እንደሆነ ለማወቅ አይቸገርም። ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ የአንዷ ተማሪ እናት ያዘችኝ።

«መምህርት፣ ልጄ አይደርስላትም ተባለ አሉ። እውነት ነው?»

«ኧረ ጨዋታ ነው፣ እመቤቴ!»

«ጨዋታስ በሰው ልጅ ይጫወቱታል?» አለችኝ። ገጠሬ ብዬ አለፍኳት።

በዓመቱ ክፍል ሲደለደል ብርነሽ ሃያ ቁጥር ደረሳት። መጥታ ነገረችኝ። ሃያ ወደ አራት ይሄዳል፣ አራት ወደ አሥራ ስድስት። «ወደ ድሮዬ ተመለስኩ» አለች። ይህችን ልጅ ቁጥር ገብቷታል ብዬ ደስ አለኝ። ማረጋገጫውን አሳየኋት። ሦስት አሃዝ ያለው ቁጥር የቱንም ያህል ቢተልቅ በአንድ እርምጃ ከ243 በታች ወይም እዚያው ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ የሚረዝመውም እየጠበበ ይመጣል። ስለዚህ እስከ 243 ያሉትን አንድ በአንድ መፈተሽ ይበቃል። ፈትሺ አልኳት። በሁለት ሳምንት ሁሉንም በእጇ ሠርታ አመጣችልኝ። አንድም አልሳተችም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሒሳብ ስታጠና ታየኝ። ለሰው ሁሉ አወራሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሰቆጣ ባዶ ሆነች፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ወንበሩ ማገዶ ሆነ። ብርነሽ ወደ ገጠሯ ገባች። እዚያ ሳለች ሊድሯት ታስቦ ኮከቧ ስላልገጠመ መቅረቱን የሰማሁት ትምህርት ሲከፈት ነው። እንኳን ቀረ አልኩ። ትምህርቷን ትጨርሳለች ብዬ። ከስታ ነበር የመጣችው፤ እኔ ግን ማን ያልከሳ አለ ብዬ አልጠየቅኋትም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆና አንድ ቀን መምህራን ማረፊያ በር ላይ ጠበቀችኝ። ነጠላዋን በአፏ ይዛለች።

«ቲቸር፣ ዙሩ ውስጥ የገባ ቁጥር መውጫ የለውም?»

«የለውም» አልኳት።

«በምንም?»

«በምንም። አንቺው አይደለሽ እንዴ ያረጋገጥሽው? አንዴ ከገባ ገባ ነው።»

«እሺ» አለች። የምትለው ያላት መሰለኝ፤ ደወል ተደወለና ገባሁ። ሰላሳ ምናምን ዓመት ስጠየቅ ኖሬ ከመለስኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ያቺን አንድ መልስ መልሼ ብወስዳት እመኛለሁ። መልሱ ትክክል ነበር፤ ልጅቱ የጠየቀችኝ ግን ስለ ራሷ ነበር።

የብሔራዊ ፈተናው መለያ ካርድ መጣ። ተፈታኞቹ ፈተና ወደሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ በአውቶቡስ የሚሄዱበት ቀን እኔም ልሸኝ ወጣሁ። ብርነሽ የለችም። ታመመች አሉኝ። አውቶቡሱ ሄደ። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ከፈተና ሲመለሱ ቤቱን ባዶ አገኙት፤ ደላላ ተከትላ በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ ወርዳለች።

«ሀገር ምድሩ እየሄደ አይደል እንዴ፤ በአንቺ ጨዋታ የሄደ ሰው የለም» ብለው ባልደረቦቼ አጽናኑኝ። እኔም ልይዘው ሞከርኩ። አንድ ዓመት ያህል ይዤው ነበር።

ጋቢ ተሸልሜ ቤቴ በገባሁ በሁለተኛው ወር የገበያ ቀን አንድ ሽማግሌ በሬን አንኳኩ። የብርነሽ አባት አቶ ሲሳይ ናቸው። ከጋዝጊብላ በእግራቸው መጥተው አቧራ ለብሰዋል። ውኃ ሰጥቼ አስቀመጥኳቸው። ከኩታቸው ሥር የልጃቸውን ደብተር አወጡ።

«የኔ ዓይን ፊደል አያይም፤ እርስዎ ይዩት» አሉኝ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ የፈተና መለያ ቁጥሯ በዚያ በንጹሕ እጇ ተጽፏል፦ 250418። ከሥሩ 110። ከሥሩ 2። ከዚያ 4። ከዚያ 16፣ ተከቦበታል። ከክቡ አጠገብ በትንሹ «ቲቸር መውጫ የለውም ብለዋል» ይላል።

አነበብኩት። ለአባቷ አላነበብኩላቸውም። ደብተሩን ዘግቼ ሳስቀምጠው አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት ሰጡኝ።

«ባሕር ተሻግራ አንድ ጊዜ ደውላለች፤ በዚህ ቁጥር ነው። ተያዝን ብላ አለቀሰች፤ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ቢደውሉ ቢደውሉ አያነሣም። ልጆቹ እንደሚሉት እርስዎ ያስተማሯት ስሌት አለ፤ መድረስ አለመድረሱን ያሳያል። እንግዲህ ይቺን ይሥሩልኝ።»

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ጥንቆላ አይደለም። የቁጥር ጨዋታ ነው። ስለ ሰው ምንም አያውቅም።»

«ለእሷ ሠርተውላት የለም? ለኔ ምነው ይከለክሉኛል?» አሉ። ቁጣ የለበትም። ልመና ነው።

እርሳስ አነሣሁ። የስልኩን አሃዞች አንድ በአንድ አባዝቼ ደመርኩ። 324። ከዚያ 29። ከዚያ 85። 89 ላይ ስደርስ የት እንደሚሄድ አውቄዋለሁ፤ እጄ ግን ልማዱ ነውና ቀጠለ። 145፣ 42፣ 20። ሽማግሌው ፊደል ባያዩም እርሳሴን እያዩ ነው። ከሃያ ቀጥሎ አራት መጻፍ ነበረብኝ፤ ከአራት ቀጥሎ ደግሞ አሥራ ስድስት አለ። በዕድሜዬ አንድ ስሌት አውቄ አሳስቼ አላውቅም ነበር። 1 ጻፍኩ።

«ደርሷል» አልኳቸው።

ወረቀቱን ተቀብለው ሳሙት። ግንባራቸው ላይ አደረጉት። ሲወጡ እግራቸው ቀሎት ነበር። እኔ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሁለት ሴቶች መጡ። አንዷ ከዝቋላ ነው የመጣችው፣ ሁለት ቀን ተጉዛ። ሁለቱም የስልክ ቁጥር ይዘዋል። አልሠራም ብዬ ልመልሳቸው ፈልጌ ነበር፤ ለአቶ ሲሳይ ልጅ ሠርተዋል አሉኝ። ሠራሁላቸው። ደርሷል አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ደጃፌ ባዶ ሆኖ አያውቅም። አንዳንዱ ቁጥር በእውነት ይደርሳል፤ ብዙው ይዞራል፤ እኔ ለሁሉም በመጨረሻው መስመር ላይ 1 እጽፋለሁ። መምህር ኪሮስ ሸሽቶት የወጣው ሥራ ላይ በጡረታዬ ተቀመጥኩበት። እሱ ቢያንስ ያገኘውን ነበር የሚናገረው።

ትናንት የዝቋላዋ ሴት ተመልሳ መጣች። አራተኛ ጊዜዋ ነው። ያችኑ ወረቀት ይዛለች፤ መታጠፊያዋ ላይ ተበልታ ልትቀደድ ደርሳለች።

«መምህርት፣ ሁልጊዜ ደርሷል ይሉኛል» አለችኝ። «ከደረሰ ታዲያ ልጄ ለምን አይደውልም?»

ወረቀቷን ተቀብዬ ከመጀመሪያው አሃዝ መደመር ጀመርኩ።